ለአዳማ ቤተሰብ የትኛው የኤሌክትሪክ መኪና? ከኋላ ወንበር የሚጀምር ንጽጽር

አዳማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ሻጩም መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። 400 ወይም 500 ይላል፤ ገዢው ደስ ይለዋል፤ ስለ ኋላ ወንበር ማንም አያነሣም። መኪናው ግቢ ከገባ በኋላ በየቀኑ የሚሰማው ቅሬታ ግን የኪሎ ሜትር አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ለመግባትና ለመውጣት ሲቸገሩ፣ በአንድ ዓመት የተመዘዘው ልጅ ጉልበቱን ከፊት ወንበር ጋር አጣብቆ ሲሄድ፣ ሦስት ሰው በትከሻ ሲጋፋ ነው ጉዱ የሚታየው። ስለዚህ ይህን ንጽጽር ከኋላ ወንበር እጀምራለሁ። ባትሪው፣ ቻርጁና ዋጋው ተራቸውን ይጠብቁ።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ የወሰነው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ አለዚያ ያገለገለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ፍለጋ ከደላላ ጋር መዞር ነው። የኤሌክትሪኩ ገበያ ደግሞ ዓይነቱ በዝቶ ግራ ያጋባል። እኔ ስድስቱን መርጫለሁ፦ ከቢዋይዲ ሲጋል፣ ዶልፊን፣ ዩዋን አፕና ዩዋን ፕላስ፤ ከፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6። ስሞቹን የመረጥኩት ሌላው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ደረጃ ስለሚሸፍኑና አንባቢው ሌላ መኪና ሲያጋጥመው ከየትኛው ጎን እንደሚያቆመው ስለሚያሳዩ ነው። ዉሊንግ ሚኒን የመሰሉትን፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር የማይሞላ መኪኖች፣ ለቤተሰብ ስለማይሆኑ አልፌአቸዋለሁ።

የብር ዋጋ አልጽፍም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ በወራት ውስጥ ሲገለባበጥ ታይቷል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር እርስዎ ሲያነቡት ውሸት ሊሆን ይችላል። ከርካሽ ወደ ውድ ያለው ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይናወጥምና እሱን አስቀምጣለሁ።

የኋላ ወንበር በምን ይለካል?

የቦታ ነገር ሲነሣ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በመኪናው የውጭ ግዝፈት ላይ ነው። የሚያታልለን እሱ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ለእግሩ የሚያገኘውን ቦታ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርዝመት ነው። ከዚህ በታች «የጎማ ርቀት» የምለው ይህንኑ ነው። ለመነሻ የምናውቃቸውን እንውሰድ፦ በከተማችን የሞላው ቪትዝ እንደ ሞዴሉ 246 ወይም 251 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የተሠራው ኮሮላ 260። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ፋብሪካው ጎማዎቹን ወደ አራቱ ማዕዘን ገፍቶ ይሠራዋል። በዚህም ምክንያት ከኮሮላ በግልጽ የሚያጥረው ዶልፊን የጎማ ርቀቱ 270 ነው፤ ከኮሮላ በ10 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። እነዚያ 10 ሳንቲ ሜትሮች ከሞላ ጎደል የሚሄዱት ለኋላ ተቀማጭ ጉልበት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ስፋት ነው፤ ከኋላ ሦስት አዋቂ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ከጎማ ርቀት አያንስም። ጉልበት ቦታ አግኝቶ ትከሻ ካላገኘ፣ መሐል የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነው ሞጆን የሚያልፈው።

ሦስተኛው የወለሉ ከፍታ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ወለሉ ከነዳጅ መኪና ከፍ ይላል። ወንበሩ በዚያው ልክ ካልተነሣ የተቀማጩ ጉልበት ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ጭኑ ከወንበሩ ይለቅና የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ዳሌው ላይ ያርፋል። ለአሥር ደቂቃ ምንም አይደለም። አሰላ ድረስ ሲሆን ግን ወገብ ይናገራል። በአንጻሩ መሐል ላይ በብዙ የነዳጅ መኪኖች የሚታየው ጉብታ ስለሌለ ሦስተኛው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ደልዳላ ወለል ያገኛል፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቤተሰቡን ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ የሚነዳው ሰው የፊቱን ወንበር ለራሱ እንዲመች አድርጎ ያስተካክል። ሻጮች መኪና ሲያሳዩ የፊቱን ወንበር ወደ ዳሽቦርዱ አስጠግተው ስለሚያቆሙት ኋላው ሰፊ መስሎ ይታያል። ከዚያ ያው ሰው ከራሱ ወንበር ኋላ ይቀመጥ። በጉልበቱና በፊት ወንበሩ ጀርባ መካከል የተጨበጠ እጅ መግባት አለበት። የእግሩ ጫፍ ከፊት ወንበሩ ሥር መግባቱንም ይሞክር፤ ወንበሩ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩ እግርን ሊያግድ ይችላል። ቀጥሎ ሦስት ሰው ኋላ ይቀመጥና በሮቹ ይዘጉ፤ ሦስቱም ቀበቶአቸውን ያለ ትግል ማሰር መቻላቸውን ይዩ። በመጨረሻ በዕድሜ የገፉት የቤቱ ሰው ይግቡ፣ ይውጡ። የበሩ ስፋትና የደፉ ከፍታ ለእሳቸው ከሁሉም ይበልጣል። ረጅም ሰው ካለ ጭንቅላቱ ጣሪያውን አለመንካቱን ያረጋግጡ፤ የመስታወት ጣሪያ ያላቸው መኪኖች ከኋላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይነሣቸዋል።

የመስታወት ጣሪያ ከተነሣ የአዳማን ፀሐይ መርሳት አይቻልም። ከውስጥ የሚዘጋ መጋረጃ ከሌለው እኩለ ቀን ላይ ኋላ የተቀመጠ ሕፃን ይቃጠላል። ለኋላ ወንበር የተለየ የቀዝቃዛ አየር መውጫ መኖር አለመኖሩም እዚህ ከተማ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

የመንገዱ ሒሳብ

ሻጩ የሚጠራው የኪሎ ሜትር ቁጥር በአብዛኛው በቻይና የሙከራ ደንብ የተገኘ ነው። በዚያ ሙከራ የመኪናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ የተለካው በከተማ አነዳድ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ያስቡ፤ 420 የተባለውን 280 ብለው ይያዙ።

ለአዳማ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አለ፤ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ። ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ኤርፖርት፣ ጉዳይ ማስፈጸም፣ ሁሉም ወደዚያ ይወስደናል። ከከተማ መሐል እስከ ከተማ መሐል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ስንሄድ ወደ 700 ሜትር ገደማ ሽቅብ እንወጣለን፤ ስንመለስ እንወርዳለን። አምስት ሰው የጫነ ዶልፊን 1,700 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህን ክብደት 700 ሜትር ማንሣት ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል (ኪሎ ዋት ሰዓት የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው የመብራት መለኪያ ነው፤ የባትሪ መጠንም የሚለካው በእሱ ነው)። አይዲ 6 ሰው ሞልቶ ሲወጣ ደግሞ ከ5 በላይ። ቁልቁል ሲመለሱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል፤ ሙሉውን ግን አይደለም።

በዶልፊን እናስላው። ሜዳ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ ከነቀዝቃዛው አየር፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንይዝ፣ ለመሄድ ከነሽቅቡ 18.5፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለመዞር 3፣ ለመመለስ 13 ይሆናል። ድምሩ 34.5 ነው። ባትሪው 44.9 ስለሆነ 10 ገደማ ይዞ ቤቱ ይገባል። ይበቃል፤ ግን የሚበቃው በ90 ለሚነዳ ሰው ነው። ፍጥነቱን ወደ 120 ቢያሳድጉት የአየሩ ግፊት በ78 በመቶ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ከቱሉ ዲምቱ ኬላ ጀምሮ ዓይንዎ ከባትሪው ቁጥር ላይ አይነሣም። ከታች ባለው ሰንጠረዥ ያለው የደርሶ መልስ ግምት ለስድስቱም መኪኖች የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንደ መኪናው ክብደትና ቁመት እያስተካከልኩ።

ሐዋሳ ለሚመላለስ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ መሄጃው ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከስድስቱ ብዙዎቹ በአንድ ቻርጅ ይደርሳሉ። በዚያው ቀን ያለ ቻርጅ ለመመለስ ግን ትልቅ ባትሪ የያዙት እንኳ አይተማመኑበትም። ስለዚህ ሐዋሳ ቤት ያለው ዘመድ ወይም ሶኬት የሚሰጥ ሆቴል ካለዎት ትንሹ ባትሪም ይሆናል፤ ከሌለዎት ትልቁም አያድንዎትም።

ግቢዎ ውስጥ ያለው መስመር

ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች በሁለቱ ምዕራፍ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። እርስዎን የሚመለከተው ግን በቆጣሪዎ በኩል የሚገባው አምፔር ነው።

በተለመደው የግድግዳ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሰካ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለዶልፊን 130 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አዳማ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራ ውሎ፣ ገበያ ዞሮ የሚገባ ሰው በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ በ32 አምፔር መስመር በሰዓት 7 የሚሞላውን የግድግዳ ቻርጀር ካላስገባሁ መኪና አልገዛም ማለት አያስፈልግም። ባትሪው በጣም ትልቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፦ 84 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘውን አይዲ 4 ከባዶ ለመሙላት በዚህ ሶኬት ከ40 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት አያድርገው።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። ለመኪናው የተለየ መስመር ከዋናው ብሬከር ይዘርጋ፤ ገመዱ ወፍራም ይሁን፤ ኧርዝ ይኑረው። ሌሊቱን ሙሉ 10 አምፔር መሸከም ለአሮጌ ሶኬትና ለማከፋፈያ ገመድ ከባድ ነው። ማከፋፈያው ሲሞቅ ማንም አያየውም፤ ሁሉም ተኝቷል።

ተከራይ ከሆኑ ከመኪናው በፊት ከአከራይዎ ጋር ይነጋገሩ። ብዙ ግቢ ውስጥ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት፤ የወሩ ሒሳብ ሲያድግ ጠቡ በማን እንደሚጀምር ግልጽ ነው። ለቻርጁ ብቻ የሚቆጥር ትንሽ መለኪያ ማስገባት ከብዙ ንትርክ ያድናል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ መኪናው በሚቆምበት ቦታ ሶኬት ከሌለ፣ በሌላ ቦታ በቋሚነት የሚሞላበትን ሳያገኝ ቀብድ አይክፈል።

ስለ ባትሪውና ስለ ሶኬቱ በአጭሩ

አራቱም ቢዋይዲዎች ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ይጠቀማሉ። ሙቀት ይችላል፤ እስከ 100 በመቶ ቢሞላም ብዙም አይጎዳም፤ እንዲያውም ቁጥሩ በትክክል እንዲነበብ አልፎ አልፎ መሙላት አለበት። አይዲ 4 እና አይዲ 6 በብዛት የሚመጡት ኒኬል ባለው ባትሪ ነው፤ ለዕለት አገልግሎት 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝማል፤ ለረጅም መንገድ ብቻ ሙሉ ያድርጉት።

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ቻርጅ መሰኪያው ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ነው። አይገጣጠሙም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፤ ሌሎችም እየተጨመሩ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙት ጣቢያ የትኛው መሰኪያ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። የመኪናው ስክሪን በቻይንኛ ብቻ ከሆነም ከመክፈልዎ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መለወጡን በዓይንዎ ይዩ፤ «በኋላ ይቀየራል» የሚል ተስፋ አይበቃም።

መኪኖቹ አንድ በአንድ

*ሲጋል።* የጎማ ርቀቱ 250 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቪትዝ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ስለ ቦታው የሚባለውም ያው ነው፤ ቪትዝ ኋላ የሚመቸው ሰው ይህም ይመቸዋል። በአብዛኛው የሚመጣው ለ4 ሰው ብቻ ሆኖ ነው፤ ኋላ ሁለት ቀበቶ። ሦስት ልጅ ላለው ቤት ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው፦ 30 እና 38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት። ለአዳማ ሰው 30ው አይሆንም፤ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ መመለሻው ግን ያጠራጥራል። 38.9ኙ አራት ሰው ይዞ 28 ገደማ ፈጅቶ ይመለሳል። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ስም ሊጠራቸው ስለሚችል የባትሪውን መጠን በሰነድ ላይ ይዩ። ከተማ ውስጥ ለማቆም፣ ከባጃጅ ጋር ለመጋፋት ከእሱ የሚሻል የለም።

*ዶልፊን።* ከስድስቱ በገንዘብ አንጻር ብዙ የጉልበት ቦታ የሚሰጠው ይህ ነው። ረጅም አባት ከፊት፣ ረጅም ልጅ ከኋላው መቀመጥ ይችላሉ። ወለሉ ደልዳላ ነው። ስፋቱ ግን 177 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሦስት ወፍራም አዋቂ ኋላ ተቀምጦ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይቻላል እንጂ አይመችም፤ ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ ግን በሚገባ ይሄዳሉ። ጉድለቶቹ ሁለት ናቸው። ለኋላ ተቀማጭ የአየር መውጫ የለውም፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት መኪናው ቀድሞ ካልቀዘቀዘ ኋላ ያሉት ይንገላታሉ። ሆዱም ለመሬት ቅርብ ነው፤ አምስት ሰው ሲጫን ይበልጥ ይወርዳል። ሰፈርዎ በኮብልስቶን የተነጠፈና ከፍታው የበዛ የፍጥነት መቀነሻ ያለበት ከሆነ፣ ወይም በክረምት ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን የሚቦረቡረው ከሆነ፣ ለሙከራ ስትነዱት በትክክል በዚያ መንገድ፣ በትክክል በአምስት ሰው ይሁን። የዕቃ ማስቀመጫው 345 ሊትር ነው፤ ለበዓል በግ ይበቃል፤ በጉ ከተስማማ። 30 ገደማ ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ዶልፊንም አለ፤ ለዚህ ከተማ ሰው እሱን አልመክርም።

*ዩዋን አፕ።* ከውጭ ሲታይ ከዶልፊን የገዘፈና ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ለቤተሰብ ይሻላል ብሎ ይወስደዋል። የጎማ ርቀቱ ግን 262 ነው፤ ከዶልፊን 8 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። የሚሰጠው ቁመት፣ ከመሬት ከፍታና 6 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ስፋት ነው። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ኋላ የሚቀመጡት ረጅም ከሆኑ ዶልፊን፣ ሦስት ልጆች ከሆኑና መንገዱ ሻካራ ከሆነ ዩዋን አፕ። ለመግባትና ለመውጣትም ወገብ ስለማያጎነብስ ለእናት ለአባት ይቀላል። ባትሪው 32 ወይም 45.1 ነው፤ እዚህም ትልቁን።

*ዩዋን ፕላስ።* የጎማ ርቀቱ 272 ነው፤ ከዶልፊን በ2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበልጣል። ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ የት ገባ? ስፋቱ ውስጥ። 187.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዶልፊን በ10 ይበልጣል፤ ሦስት ትከሻ ጎን ለጎን የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ለኋላ ወንበር የአየር መውጫ አለው፤ የዕቃ ማስቀመጫው 440 ሊትር ነው። ሦስት አዋቂ በየሳምንቱ ኋላ የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ ገንዘቡ ይገባዋል። ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ብቻ ከሆናችሁ ግን ለማትጠቀሙበት ትከሻ እየከፈላችሁ ነው። ባትሪው 49.9 እና 60.5 ነው፤ ትንሹም አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

*አይዲ 4።* የጎማ ርቀቱ 276.5፣ ወለሉ ደልዳላ፣ በሩ ሰፊ። ለረጅም መንገድ የኋላ ወንበሩ ከአምስት ሰው መኪኖቹ ሁሉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ መቀመጫው ጭንን ይደግፋል። ነገር ግን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህ በመብራት ፍጆታውም በጎማው ዕድሜም ይታያል። ክሮዝና ኤክስ በሚባሉ ሁለት ስሞች ይመጣል፤ በቻይና ያሉ ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት ነው፤ ለኋላ ወንበር ልዩነታቸው ኢምንት ነው። ባትሪው ወደ 57 ወይም ወደ 84 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዚህ መኪና ላይ ትልቁን ባትሪ መምረጥ ትርጉም የሚኖረው ሐዋሳን፣ አሰላን ወይም አዋሽን አዘውትሮ ለሚመላለስ ሰው ነው። የቀረው ሰው የባትሪውን ልዩነት ኪሱ ውስጥ ቢያስቀር ይሻለዋል።

*አይዲ 6።* በሦስት ረድፍ 6 ወይም 7 ሰው ይይዛል፤ የጎማ ርቀቱ 296.5 ነው። ሁለተኛው ረድፍ ሳሎን ቤት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ለልጆች ነው፤ አዋቂ ከተማ ውስጥ ይቀመጥበታል፤ አዲስ አበባ ድረስ ግን አያስቡት። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ፎልክስዋገን ይህን መኪና በይፋ የሸጠው በቻይና ብቻ ነው፤ ስለዚህ መለዋወጫ ዕቃውም፣ የስክሪኑ ቋንቋም፣ መሰኪያውም ከዚያው ገበያ ጋር የተያያዘ ነው። የጎኑ በር ወይም የፊት መብራቱ ቢሰበር ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅ ከመግዛትዎ በፊት ከሁለት ጋራዥ ይጠይቁ።

| መኪና | የጎማ ርቀት (ሳ.ሜ.) | ስፋት (ሳ.ሜ.) | ወንበር | የባትሪ ምርጫ (ኪሎ ዋት ሰዓት) | አዳማ–አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ ግምት (ኪሎ ዋት ሰዓት) | ከርካሽ ወደ ውድ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሲጋል | 250 | 171.5 | 4 | 30 / 38.9 | 28 | 1 |
| ዶልፊን | 270 | 177 | 5 | 44.9 | 34–35 | 2 |
| ዩዋን አፕ | 262 | 183 | 5 | 32 / 45.1 | 36 | 2 |
| ዩዋን ፕላስ | 272 | 187.5 | 5 | 49.9 / 60.5 | 39 | 3 |
| አይዲ 4 | 276.5 | 185 | 5 | 57 / 84 ገደማ | 44 | 4 |
| አይዲ 6 | 296.5 | 185 | 6 ወይም 7 | 63 / 84 ገደማ | 48 | 5 |

ለማን የትኛው?

ሁለት ወላጅና አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ልጆች ሆናችሁ በጀቱ ጠባብ ከሆነ ሲጋልን በ38.9 ባትሪ ውሰዱ። ልጆቹ አሥራ ሁለት ዓመት ካለፋቸው ግን ትንሽ ጠብቃችሁ፣ ቆጥባችሁ ወደ ዶልፊን ውጡ፤ ልጅ ያድጋል፣ መኪና አያድግም።

አብዛኛው የአዳማ ቤተሰብ የሚገኘው በዚህ መካከለኛ ቦታ ነው፦ አራት ሰው፣ አንዳንዴ አያት፣ በወር አንድ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ፣ እሑድ ወንጂ ወይም ሶደሬ። ለእነሱ የእኔ ምርጫ ዶልፊን ነው፤ ሰፈራቸው ወጣ ገባ ከሆነ ወይም አያት ጎንበስ ማለት የማይችሉ ከሆነ ዩዋን አፕ።

ከኋላ ሁልጊዜ ሦስት አዋቂ ካለ ዩዋን ፕላስ፤ ባትሪው ትንሹ ይበቃል። ለትልቁ ባትሪ የሚጨመረው ገንዘብ ቤት ውስጥ መስመር ለማዘርጋትና ጥሩ ጎማ ለመቀየር ቢውል የበለጠ ይጠቅማል። ለሥራ በየሳምንቱ ከክፍለ አገር ክፍለ አገር የሚዞር ሰው፣ ቤተሰቡንም በዚያው መኪና የሚያጓጉዝ ከሆነ፣ አይዲ 4 በትልቁ ባትሪ። ስድስት ወይም ሰባት የቤተሰብ አባል በአንድ ላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አይዲ 6፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚሞላ ሦስተኛ ረድፍ ከሆነ ግን ለእነዚያ ቀናት መኪና መከራየት ይረክሳል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያሳይ ምርመራ በኮምፒውተር ያሠሩ፤ ከዳሽቦርዱ የሚነበበው ቀሪ ኪሎ ሜትር ማስረጃ አይደለም። መኪናው በማንሻ ላይ ወጥቶ የባትሪው ሆድ አለመላጡና አለመጎድጎዱ ይታይ፤ ዝቅ ብለው ለሚሄዱት ይህ ከቀለሙ ይበልጣል። የባትሪ ዋስትና አለ ከተባለ ማን እንደሚሰጠው፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና እዚህ አገር ማን እንደሚፈጽመው በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በግለሰብ የገባ መኪና ላይ የፋብሪካው ዋስትና በአብዛኛው አይሠራም። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም ይጠይቁ። ብዙዎቹ የሚመጡት የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ይዘው ነው፤ ከአዋሽ መንገድ ላይ ጎማ ለሚቀደድበት ሰው ያ ፈሳሽ ምንም አያደርግለትም።

የሙከራ ጉዞውን ከአሰላ መንገድ ላይ ቢያደርጉት እመርጣለሁ። ሽቅብ ነው፤ ሙሉ ሰው ይዘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲወጡ ቀዝቃዛው አየር ኋላ መድረሱን፣ የባትሪው ቁጥር እንዴት እንደሚወርድ፣ ሲመለሱ ደግሞ ስንት እንደሚመለስ ያያሉ። ሻጩ «አምስት ሰው ይዘህ አትሞክርም» ካለ ከሌላ ሻጭ ጋር ይነጋገሩ።